ፌዝ አንድ ሙከራ ላይ ልትሠሩ ላሰባችሁ ልጆች

እንዴት ናችሁ ልጆች? በየጊዜው ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰኛል። «የደም ካንሰር ምርምር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፣ ባይስፔሲፊክ አንቲቦዲ የሚባለው ነገር ይስበኛል፣ ከየት ልጀምር?» የሞለኪውሉን ሥዕል አይታችሁ እንደተማረካችሁ ይገባኛል። እኔንም የማረከኝ ሥዕሉ ነው። አንዱ ክንዱ ካንሰር የሆነውን ቢ ሴል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ይይዛል፣ ሌላው ክንዱ ገዳዩን የመከላከያ ሴል፣ ቲ ሴልን፣ ይዞ ያመጣና ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል፣ ከዚያ ቲ ሴሉ ሥራውን ይሠራል። ያምራል። ግን ስንት ይሰጥ፣ በምን ይሰጥ፣ በስንት ሰዓት ይሰጥ የሚለውን ሥዕሉ አይነግራችሁም። ለእኔ ግን የዚህ ሙያ ግማሹ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ያለው እዚያ ነው፦ ፌዝ አንድ በሚባለው፣ አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ በሰው ላይ በሚሞከርበት ደረጃ።

ብሊናቱሞማብን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቢ ሴል ላይ ያለው ሲዲ19 እና በቲ ሴል ላይ ያለው ሲዲ3 ላይ የሚያርፈው ባይስፔሲፊክ ማለቴ ነው። በ2014 መጨረሻ የአሜሪካው መድኃኒት ፈቃጅ ኤፍዲኤ የቢ ሴል ሉኪሚያቸው (የደም ካንሰራቸው) ላገረሸባቸው ወይም በሌላ መድኃኒት አልመለስ ላላቸው ሰዎች ፈቀደው። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች መድኃኒቱ የሚሰጠው በጥቂት ሰዓት በሚያልቅ ድሪፕ ነበር። ዕጢው ንቅንቅ አላለም። የነርቭ ችግሩ ግን መጣ፣ ኢንፌክሽኑም መጣ። ሙከራዎቹ ተቋረጡ። ብዙ መድኃኒት የሚቀበረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሞለኪውሉ ትንሽ ነው፣ ከደም ውስጥ ግማሹ በ2 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ቲ ሴሎቹ ሥራ ሳይጀምሩ መድኃኒቱ አልቋል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ሞለኪውሉን አልነኩትም፣ ሰዓቱን ነው የቀየሩት። በፓምፕ፣ ሌት ተቀን፣ ሳያቋርጥ፣ ለሳምንታት። በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ውጤቱ ሲወጣ፣ ከ38 የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢ ካንሰር) ታማሚዎች መካከል ዕጢያቸው የቀነሰ ሰዎች ታዩ፣ ያውም በቀን በአንድ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ገጽ 0.015 ሚሊግራም ብቻ እየወሰዱ። 0.06 ሚሊግራም ላይ የደረሱት 7ቱም ዕጢያቸው ቀንሷል። ነባሩን የሊምፎማ አንቲቦዲ ሪቱክሲማብን በዚያው ስሌት በ375 ሚሊግራም ስትሰጡ ለኖራችሁ ይህ ቁጥር የትየባ ስህተት ይመስላል። አይደለም።

እንግዲህ ያው መድኃኒት ነው። በአንዱ መንገድ ሲሰጥ ከንቱ፣ በሌላው መንገድ ሲሰጥ የሰው ሕይወት የሚያስረዝም። በ2017 የወጣው ትልቁ ንጽጽር ላይ፣ 405 የሉኪሚያ ታማሚዎች በገቡበት፣ ታማሚዎቹ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ በኬሞቴራፒ 4 ወር፣ በብሊናቱሞማብ 7.7 ወር ነበር። 3.7 ወር ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ ያን ጊዜ ለመቅኒ ንቅለ ተከላ መሸጋገሪያ ያገኙትን ሰዎች ይጠይቅ።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ ታሪክ የ2006ቱ የለንደኑ ነው። መድኃኒቱ ቲጂኤን1412 ይባላል። ባይስፔሲፊክ አይደለም፣ ግን ቲ ሴልን በቀጥታ የሚቀሰቅስ አንቲቦዲ ነበር፣ ከታሰበላቸው በሽታዎች አንዱም የቢ ሴል ሉኪሚያ ነው። ለ6 ጤነኛ ፈቃደኞች፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ አንዱ ምን እንደሆነ ሳይታይ ለቀጣዩ እየተሰጠ ሄደ። መጠኑ በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላሳየው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። በወረቀት ላይ አስተማማኝ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስድስቱም በሳይቶካይን ማዕበል፣ ማለትም የተቆጡ ሴሎች በሚያፈሱት የመቆጣት ኬሚካል ጎርፍ፣ ተመቱ፣ በኋላም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሕይወታቸው ተረፈ። ዛሬ የመጀመሪያው ሰው ከተወጋ በኋላ ሁለተኛው የሚጠብቀው፣ የመነሻ መጠኑም ጉዳት ከማያስከትለው ከፍተኛ መጠን ሳይሆን ሥራ ከሚጀምርበት ትንሹ መጠን ተነስቶ የሚሰላው፣ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን አለቃችሁ «ሁለቱን ዛሬ አብረን እንጨርሳቸው፣ አልጋ አለ» ቢላችሁ፣ አይሆንም በሉ። ፊት ቢነሳችሁም አይሆንም በሉ።

አሁን ወደ ዘመኑ የሊምፎማ ባይስፔሲፊኮች። ኤፕኮሪታማብ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ በትልቅ ሴል ሊምፎማ ላይ የመጀመሪያው መጠን 0.16 ሚሊግራም፣ በሳምንቱ 0.8፣ ከዚያ 48። ከመጀመሪያው እስከ ሙሉው 300 እጥፍ ማለት ነው። ሞሱኔቱዙማብ 1፣ 2፣ ከዚያ 60። ግሎፊታማብ ደግሞ ከመጀመሪያው መጠን በፊት ቢ ሴል የሚያጠፋ ሌላ አንቲቦዲ፣ ኦቢኑቱዙማብ፣ ያስቀድማል፣ ቲ ሴሎቹ በአንድ ጊዜ የሚያገኙት ቢ ሴል እንዲቀንስ። ጀማሪዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፦ «ታማሚው እየባሰበት 0.16 ላይ አንድ ሳምንት ማባከን ምንድን ነው?» ብክነት አይደለም። ያቺ ጠብታ ቲ ሴሉን ታለማምደዋለች፣ የመጀመሪያውን ቁጣ በትንሹ ታስወጣለች። እንዲያም ሆኖ ኤፕኮሪታማብ ላይ ትኩሳቱ በብዛት የሚመጣው ከመጀመሪያው ሙሉ መጠን በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ። ስለዚህ በ0.16 ቀን ሁሉም ነቅቶ ጠብቆ በ48ቱ ቀን የሚዘናጋ ቡድን ነገሩን ገልብጦታል።

ሌሊቱን ማወቅ አለባችሁ። ፕሮቶኮሉን በቃላችሁ ብትወጡትም ሌሊት ከነርሶች ጋር ካላደራችሁ ሥራውን አላያችሁትም። በሳይቶካይኑ ማዕበል መለኪያ 38 ዲግሪ ትኩሳት ብቻውን ደረጃ አንድ ነው። ግፊቱ ከወረደ ወይም ትንሽ ኦክስጅን ካስፈለገ ሁለት ሆነ፣ ማዕበሉን የሚያበርደው ቶሲሊዙማብ የሚታሰበውም እዚህ አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ቤቱ ከሄደ ሰው ጋር ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው? የት እንዳለ ቀን ላይ ጠይቁ።

እነዚህ መድኃኒቶች አንጎልንም ሊነኩ ስለሚችሉ፣ ስለ ጭንቅላቱ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ታማሚውን በየቀኑ ወሩን፣ ዓመቱን ትጠይቁታላችሁ፣ ከ100 በ10 በ10 ወደ ኋላ ታስቆጥሩታላችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም ይጽፋል። ጽሑፉን ከትናንቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። አንዳንዴ ሰውዬው ጥርት አድርጎ እያወራ፣ እየቀለደ፣ መስመሩ ግን ቁልቁል ይወርዳል፣ ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ያን ጊዜ ደህና ነኝ ቢላችሁም አትመኑት፣ ወረቀቱን እመኑ። ይህን ቀድመው የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ነርሶች ናቸው፣ በሪፖርቱ ላይ ስማቸው የማይወጣውም እነሱ ናቸው። ይሄ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር። የብሊናቱሞማብ መስመር አይታጠብም፣ በተለይ ከረጢት ሲቀየር። ሌላ ድሪፕ ሁሉ ሲታጠብ ያየ እጅ በልምድ ሳላይን ይገፋበታል። ቱቦው ውስጥ የቀረው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ገባ ማለት ነው፣ ለሰዓታት የታሰበው በሰከንዶች። ስለዚህ ፕሮቶኮሉን ከማንበባችሁ በፊት የፋርማሲውን መመሪያ አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ከታማሚው ጋር ስታወሩ ዳር ዳር አትበሉ። ፌዝ አንድ በዋናነት መጠን የሚፈለግበት ሙከራ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የሚገቡት ደግሞ ሊጠቅማቸው ከሚችለው በታች ሊወስዱ ይችላሉ። አንዳንዴ በአንድ ደረጃ አንድ ሰው ብቻ ይገባል። ሰውየው ይህን የመስማት መብት አለው፣ ቤተሰቡ በተስፋ ሲያየን ግን እውነቱን መሸፋፈን ይቀናናል። «ይህ መጠን ለእርስዎ ላይጠቅም ይችላል፣ የምንማርበት ነው» በሉት። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶም ይፈርማል። የማይፈርምም አለ፣ እሱም መልካም ነው፣ አታባብሉት።

ዕጢው ጠፋ ተብሎ ሲጨበጨብ አትበተኑ። ቢ ሴል ሲመታ ጤነኛውም አብሮ ይመታል፣ የመከላከያ ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ ከወራት በኋላ ኢንፌክሽን ይመጣል። ግሎፊታማብ በ12 ዙር ያበቃል፣ ኤፕኮሪታማብ በትልቅ ሴል ሊምፎማ ላይ በሽታው እስኪገፋ ድረስ ይቀጥላል። ታማሚው ደውሎ «ትንሽ ሳል ይዞኛል» ካለ በስልክ አታሰናብቱት፣ አስመጡትና እዩት።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቢዘገይም እመልሳለሁ። ሲቪ ግን አትላኩልኝ፣ ቅጥር ላይ እጄ የለበትም።