መልስ፦ ኤሲሊጋን የመራው ቡድን ለምን አላደገም?

የጠየቅከው ኤሲሊጋ፣ ማለትም የኢስቶኒያ እግር ኳስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ግራ የሚያጋባው የትልልቅ ክለቦች ተጠባባቂ (ሁለተኛ) ቡድኖችም ከሌሎች ክለቦች ጋር በአንድ የሊግ እርከን ውስጥ ስለሚጫወቱ ነው። እንደ ፍሎራና ሌቫዲያ ያሉ ክለቦች ወጣቶቻቸውን እዚያ ያሰልፋሉ። የክለቡ ዋና ቡድን ሜይስትሪሊጋ (የአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ) ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ተጠባባቂው አንደኛ ቢወጣም አያድግም፤ ዕድሉ ከስሩ ላለው ክለብ ያልፋል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ስታይ መጀመሪያ ተጠባባቂዎቹን ሰርዝ።

10 ቡድኖች እርስ በርስ አራት አራት ጊዜ ስለሚገናኙ 36 ጨዋታ ይሆናል (ይሰለቻል፣ እውነት ነው)። ውድድሩ በፀደይ ተጀምሮ በመከር ያበቃል፤ ቀዝቃዛው የአውሮፓ ክረምት የሣር ሜዳ ያበላሻልና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በሰው ሰራሽ ሣር ላይ ናቸው። ውርርድ ካሰብክ ተጠንቀቅ፦ የተጠባባቂዎች አሰላለፍ በየሳምንቱ ይቀያየራል።