ፕላኔታዊ ኔቡላ ወይስ ሲምባዮቲክ ኮከብ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለቱ የሚምታቱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በሁለቱም ውስጥ እጅግ የጋለ ትንሽ ኮከብ አለ፤ ጨረሩ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ያበራዋል። ዋናው ጥያቄ ጋዙ የማን ነው የሚለው ነው። በፕላኔታዊ ኔቡላ የሚያበራው ጋዝ ኮከቡ ራሱ ወደ ነጭ ድንክነት (ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት ወደ መሆን) ሲያመራ ያራገፈው ውጫዊ አካሉ ነው። በሲምባዮቲክ ኮከብ ግን ጎረቤቱ የሆነ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ዛሬም ሳያቋርጥ ይነፍሰዋል። ችግሩ የሚመጣው የፕላኔታዊው ኔቡላ ኮከብም ጓደኛ ሲኖረው ነው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ምስል ካለ አይበቃም?

መልስ፦ በፍጹም። «ደቡባዊው ሸርጣን» የሚባለውን ሄን 2-104 ይመልከቱ። ቅርጹ አምሮ ለዓመታት ከፕላኔታዊ ኔቡላዎች ጋር ሲቆጠር ኖሯል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢንፍራሬድ ሲጠና ግን በውስጡ ወደ 400 ቀን በሚጠጋ ዑደት የሚደምቅና የሚደበዝዝ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ተገኘ፤ ሲምባዮቲክ ኮከብ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ የማየው የኦክስጅንን ሁለት የብርሃን መስመሮች ነው፤ አረንጓዴው በ500.7 ናኖ ሜትር፣ ሰማያዊው በ436.3። በተለመደ ፕላኔታዊ ኔቡላ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሺዎች ስለሚቆጠሩ አረንጓዴው ሌላውን አብዝቶ ይበልጠዋል። በሲምባዮቲክ ኮከብ ቁጥሩ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ያኔ ኦክስጅኑ አረንጓዴውን ብርሃን ሳይለቅ ከኤሌክትሮን ጋር ይጋጭና ጉልበቱን ያጣል፤ ሰማያዊው በንጽጽር ይጎላል። ከዚያ በ682.5 ናኖ ሜትር የሚታየውን ሰፊ መስመር እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ምንጩ ታውቋል፤ ከጋለው ኮከብ አጠገብ ካለ ኦክስጅን የሚወጣ አልትራቫዮሌት ብርሃን የግዙፉን ሃይድሮጅን ሲመታ የሚፈጠር ነው። ከሲምባዮቲክ ኮከቦች ውጭ እምብዛም ስለማይገኝ ጠንካራ ምስክር ነው። አለመታየቱ ግን ምንም አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ጋዙ ጥቅጥቅ ካለ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢጂቢ 6 ሰፊና ደብዛዛ ፕላኔታዊ ኔቡላ ሆኖ ሳለ በመሐሉ እጅግ የታመቀ የጋዝ ቋጠሮ አለው። የሐብል ቴሌስኮፕ ቋጠሮው ያለው በጓደኛው ኮከብ ዙሪያ መሆኑን አሳይቷል፤ ያ ጓደኛ ደግሞ ቀይ ድንክ (ትንሽና ቀዝቃዛ ኮከብ) እንጂ ግዙፍ አይደለም። ስለዚህ የጎረቤቱን ማንነት ሳያውቁ መፍረድ አይገባም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቱ ግዙፍ ከሆነስ?

መልስ፦ እሱም ብቻውን አይበቃም። ሎትር 5 በሚባለው ፕላኔታዊ ኔቡላ መሐል ግዙፍ ኮከብ ከነጭ ድንክ ጋር ተጣምሮ አለ፤ ጥንዶቹ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ኔቡላው ግን የነጩ ድንክ የቀድሞ አካል ነው።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ሆኜ ሲምባዮቲክ ኮከብ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ። በጥቅምትና በኅዳር ምሽት በአኳሪየስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አር አኳሪን ይፈልጉ፤ ሲደምቅ በባይኖኩላር ይታያል። ዑደቱ 387 ቀን ያህል ስለሆነ ብርሃኑን በየሳምንቱ በአጠገቡ ካሉ ኮከቦች ጋር እያነጻጸሩ ይመዝግቡ።