ለአነስተኛ የበግ መንጋ አውራ ሲመረጥ ዝምድናን ስለመቆጣጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥቂት እናት በጎች ያሏቸው አርቢዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፤ አርቢው እናት በጎቹን ሲቆጥር አውራዎቹን ሳይቆጥር ይቀራል።

ጥያቄ፦ 20 እናት በጎችና አንድ በጣም ጥሩ አውራ አሉኝ። ሴት ልጆቹ ለእርባታ ደርሰዋል። እሱኑ ማቆየት እችላለሁ?

መልስ፦ ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ አያቆዩት። አባት የገዛ ልጁን ሲያጠቃ የሚወለደው ግልገል የዝምድና መጠኑ 25 በመቶ ይሆናል። ይህም ማለት ከአባቱና ከእናቱ በጥንድ ከሚወርሳቸው ዘረመሎች በአማካይ አንድ አራተኛው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መንትዮች ናቸው ማለት ነው፤ በአባቱ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ ጎጂ ዘረመል ካለ በዚሁ መንገድ ተጣምሮ ይገለጣል። ሴት ጠቦቶች በ6 ወይም በ7 ወራቸው፣ አንዳንዴም ቀደም ብለው ሊያረግዙ ስለሚችሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆቹ እዚህ ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ አውራውን መቀየር ወይም እነሱን በሌላ ጉረኖ መለየት ያስፈልጋል። አውራው በእርግጥ ምርጥ ከሆነ ግን እንዲታረድ አልመክርም፤ ዝምድና ከሌለው መንጋ አውራ ጋር ቢለዋወጡት ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ጥያቄ፦ በምትኩ ምርጡን ወንድ ልጁን ባስቀርስ?

መልስ፦ ይህ ችግሩን አይፈታም። ልጁ የሚያገኛቸው ወጣት ሴቶች በአባት እህቶቹ ስለሆኑ ግልገሎቻቸው 12.5 በመቶ፣ እናቱን ካጠቃ ደግሞ 25 በመቶ ይሆናሉ። እግረ መንገዴን ላሳስብ፤ ወንድ ጠቦቶች ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ዕድሜ ማስረገዝ ሊጀምሩ ስለሚችሉ፣ ለዘር ያልተመረጡትን ከዚያ በፊት ማኮላሸት ወይም መለየት ይገባል።

ጥያቄ፦ እናት በጎቹን 50 ባደርስ ዝምድናው አይቀንስም?

መልስ፦ ብዙ አርቢ ይህን ያምናል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። የአውራዎቹን ቁጥር በእናት በጎቹ ቁጥር ያባዙ፣ ውጤቱን እንደገና በ4 ያባዙ፣ ከዚያም ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ። የሚገኘው ቁጥር መንጋው በዘር ረገድ ስንት በግ ያህል እንደሆነ ያሳያል። አንድ አውራና 20 እናት በጎች 3.8 ገደማ፣ አንድ አውራና 50 እናት በጎች ደግሞ 3.9 ገደማ ይሰጣሉ፤ 30 በጎች ተጨምረው ለውጡ ከምንም አይቆጠርም። በአንጻሩ 20ዎቹ እናት በጎች ሁለት አውራ ቢኖራቸው 7.3፣ አራት ቢኖራቸው 13.3 ገደማ ይደርሳል። 1ን ለዚህ ቁጥር እጥፍ ስናካፍል፣ ከውጭ ዘር በማይገባበት መንጋ በእያንዳንዱ ትውልድ የሚጨምረውን ዝምድና እናገኛለን፤ በአንድ አውራ 13 በመቶ ገደማ፣ በሁለት 7 በመቶ ገደማ፣ በአራት ከ4 በመቶ ያነሰ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክረው ይህ ቁጥር ከ50 እንዳያንስ፣ ማለትም ጭማሪው በትውልድ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። አነስተኛ መንጋ ብቻውን እዚያ ሊደርስ ስለማይችል፣ አውራን በየጊዜው ከውጭ ማምጣት ወይም ከሌሎች አርቢዎች ጋር መቀያየር ግዴታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እስካሁን አካሉ የተበላሸ ግልገል አልተወለደልኝም። ታዲያ ምን ያሰጋኛል?

መልስ፦ የመንጋጋ አለመገጣጠም ወይም የቆለጥ አለመውረድ ዓይነት ጉድለት በግልጽ ስለሚታይ አርቢው ቶሎ ይነቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይታየው ጉዳት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞቱ ግልገሎች ይበዛሉ፣ ጡት ሲጥሉ ክብደታቸው ያንሳል፣ የእናቶቹ የመፀነስ አቅም ይዳከማል። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ አርቢው በመኖ ወይም በአየር ጠባይ ያሳብበዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጎረቤታሞች ነን። አውራ እንዴት እንቀያየር?

መልስ፦ እያንዳንዱ መንጋ ሴት ልጆቹን እዚያው ያስቀር፤ አውራው ብቻ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው። አቅጣጫው አንዴ ከተዛባ ማን ከማን እንደተወለደ መከታተል ያዳግታል። መንጋዎቹ በመነሻቸው የማይዛመዱ ከሆኑ ዘዴው ለዓመታት ያገለግላል፤ ሆኖም ዝምድናውን ያዘገየዋል እንጂ ስለማያስቀረው፣ አልፎ አልፎ ከሦስቱም ውጭ የሆነ አውራ ማስገባት ይኖርባችኋል። ከአውራው ጋር በሽታም አብሮ ሊዞር ስለሚችል በየዝውውሩ ጤንነቱ ይመርመር።

ጥያቄ፦ አዲሱን አውራ ከቀድሞው ሻጭ ብገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ ወላጆቹን ሳይጠይቁ አይግዙ። አዲሱ የቀድሞው አውራ የእናትም የአባትም ወንድም ከሆነ፣ ከቀድሞው ሴት ልጆች የሚወልዳቸው ግልገሎች 12.5 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ ወንድሙ ከሆነ 6.25 በመቶ ይሆናሉ። አውራውን ከመንጋው ጋር ከመቀላቀልዎ በፊት ለአንድ ወር ያህል ለብቻው ያቆዩት፤ ቆለጦቹን፣ ጥርሱንና ሰኮናውንም ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ምንም መዝገብ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጆሮ ቁጥርና ከአንድ ደብተር ይጀምሩ። የግልገሉን ቁጥር፣ እናቱን፣ አባቱን፣ የተወለደበትን ቀንና መንታ መሆን አለመሆኑን ይጻፉ። ሁለት አውራ አንድ ላይ ከተለቀቁ አባትነትን ማወቅ ስለማይቻል፣ በእርባታ ወቅት እናቶቹን ለሁለት ከፍለው እያንዳንዱን ቡድን ከአንድ አውራ ጋር 35 ቀን ያህል ያቆዩ። እናት በግ አውራ የምትፈልግበት ዑደት 17 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ እያንዳንዷ ሁለት ዕድል ታገኛለች።

ጥያቄ፦ መንጋዬ ቀድሞውኑ የተዛመደ ነው። ሁሉንም ሸጬ እንደገና ልጀምር?

መልስ፦ አያስፈልግም። እናቶቹ ምንም ያህል እርስ በርስ ቢዛመዱ፣ ከእነሱ ጋር ዝምድና የሌለው አውራ ከገባ የሚወለዱት ግልገሎች የዝምድና መጠን ወደ ዜሮ ይመለሳል። እናቶቹ ግን ራሳቸው የተዛመደ ዘር ውጤት ስለሆኑ የወተታቸውና የግልገል አያያዛቸው ድክመት አብሯቸው ይቆያል፤ ሙሉው መሻሻል የሚታየው አዲሶቹ ሴቶች ወልደው ማጥባት ሲጀምሩ ነው። እነዚያ ሴቶች ለእርባታ ከመድረሳቸው በፊት ደግሞ ቀጣዩ አውራ ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ያስቡ።