ቅዳሜ በጀርመንኛ፦ ዛምስታክ ወይስ ዞናበንት?

ጥያቄ፦ ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ቅዳሜን አንዱ መጽሐፍ «ዛምስታክ»፣ ሌላው «ዞናበንት» ይለዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? በጽሑፍ መጨረሻው «ግ» የሆነው ቃልስ ለምን በ«ክ» ይነበባል?

መልስ፦ ሁለቱም ያው ቅዳሜ ናቸው፤ የሚለያያቸው አካባቢ ነው። ዛምስታክ የደቡብና የምዕራብ ጀርመን፣ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ቃል ነው። ዞናበንት የሰሜንና የምሥራቅ ጀርመን ሲሆን አጠቃቀሙ እየቀነሰ መጥቷል። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 193 ግን ዛሬም ቅዳሜን የሚጠራው በእሱ ነው። ለመናገር ዛምስታክ ይበቃዎታል፤ የትም ይገባቸዋል። ዞናበንትን ሰምተው መለየት ግን ግድ ነው። ፍቺው «የእሑድ ዋዜማ» ቢሆንም፣ «አበንት» ማታ ማለትም ስለሆነ ጀማሪዎች እሑድ ማታ እየመሰላቸው ቀጠሮ ያሳልፋሉ። እሑድ ማታ «ዞንታክአበንት» ነው።

የዛምስታክ ምንጭ የዕብራይስጡ «ሻባት» ነው። ወደ ግሪክ «ሳባተን» ሆኖ ገባ፤ በተራው ሕዝብ አፍ ድርቡ «ብ» ላልቶ «ም» ጨመረና «ሳምባተን» ተባለ። በጥንታዊው ጀርመንኛ «ሳምባዝታክ» ሆኖ ተጽፎ እናገኘዋለን። የእኛው «ሰንበት» ውስጥ ያለችው «ን»ም የመጣችው በተመሳሳይ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ የሩቅ ዘመድ ነው። እንግሊዝኛና ደች በሮማውያኑ አምላክ በሳተርን ስም ሲጸኑ፣ ጀርመንኛ ትቶታል።

አነባበቡ ላይ እናተኩር። የመጀመሪያው ፊደል በጽሑፍ «ስ» ቢሆንም ከአናባቢ በፊት ስለመጣ በ«ዝ» ይነበባል (በደቡብ ብዙዎች «ስ» ይሉታል)። የ«ዛ» ድምፅ አጭር፣ የ«ታ» ረጅም ነው፤ ጫናው ግን በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። ብዙ የሚሳሳቱበት መካከሉ ነው። በቃል መነሻ «ስት» ወደ «ሽት» ስለሚቀየር «ዛምሽታክ» የሚሉ አሉ። እዚህ ግን «ስ» የፊተኛው ቃል፣ «ት» የኋለኛው ቃል ስለሆኑ አይቀየርም። «ዛምሲታክ» ብሎ አናባቢ መሰንቀርም ስሕተት ነው፤ ክፍለ ቃሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዛምስ፣ ታክ።

«ግ» በቃል መጨረሻ ስትውል የጉሮሮ ንዝረቷን ታጣለች፤ ለዚህ ነው «ክ» የምትሆነው። «ቅ» ግን አያድርጓት። በብዙ ቁጥር ከኋላዋ አናባቢ ሲመጣ ትመለሳለች፦ «ዛምስታገ»።