የልብ ቀዳዳ በካቴተር መዝጋት፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የልጄ የልብ ቀዳዳ 12 ሚሊሜትር ነው አሉን። ያለ ቀዶ ጥገና ይዘጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ነርስ ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ሁሉም ሚሊሜትር ይነግረኛል፤ ቦታውን የሚነግረኝ የለም። በላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል፣ ግድግዳው መሃል ላይ ከሆነ ዕድሉ ጥሩ ነው። ወደ ታች ወርዶ ቫልቮቹ አጠገብ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው። ቀጥሎ ጠርዙን፣ ማለትም በቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ግድግዳ ጠይቂ። መዝጊያው ሁለት ዲስክ አለው። በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ታጥፎ በብሽሽት ደም ሥር ይገባል። ሐኪሙ መጀመሪያ የግራውን ዲስክ ይዘረጋል፣ ወደ ግድግዳው ይስበዋል፣ ከዚያ የቀኙን ይከፍታል። ግድግዳው በሁለቱ መሃል ይያዛል። ከዚያ ቀስ ብሎ ገፋ ሳብ ያደርገዋል። ካልተንሸራተተ ብቻ መዝጊያውን የያዘውን ሽቦ ፈትቶ ይለቀዋል፤ እስከዚያ መልሶ ማውጣት ይቻላል። የሚያዝ ጠርዝ ከሌለ ግን ዲስኩ ምኑን ይይዛል? ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ያህል ቢኖር ይመረጣል። የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንድ) ሪፖርት ሙሉውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ የኔ 18 ሚሊሜትር ነው። ይዘጋል?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? ጠርዙስ?

ጥያቄ፦ ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ቀዳዳ ይሆን?

መልስ፦ በጽሑፍ አይታወቅም። ኢኮ ተነሳ።

ሌላ አባል፦ ይሄ ገና አዲስ ነገር ነው፤ ቀዶ ጥገና ይሻላል።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! ደረት መክፈት ድሮ ቀረ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ፖርስትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከተወለዱ በኋላ ሳይዘጋ የቀረን የደም ቧንቧ በካቴተር የደፈነው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዶ ጥገናም የትም አልቀረም፤ ጠርዝ ለሌለው መፍትሔው እሱ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የልብን ምት የሚያስተላልፈው መስመር አጠገቡ ሊያልፍ ስለሚችል መዝጊያው ከተጫነው ምቱ ይዛባል። ክርክራችሁን ሌላ ቦታ።

ጥያቄ፦ መዝጊያው ኤምአርአይ መነሳት ይከለክላል?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይከለክሉም። የመዝጊያውን ካርድ ይዘህ ሂድ። መዝጊያው ብዙ ጊዜ ኒኬል የተባለ ብረት ስላለበት የኒኬል አለርጂ ካለብህ ግን ሳይገባልህ በፊት ተናገር።

ጥያቄ፦ አጎቴ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሳንባቸው ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። ቶሎ ይዘጋላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ግፊቱ ይለካ! በጣም ከፍ ብሎ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ መፍሰስ ከጀመረ መዝጋቱ ራሱ ይጎዳቸዋል።

ጥያቄ፦ ከተዘጋ በኋላስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አስፒሪን ለ6 ወር ያህል። በዚያው ጊዜ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መዝጊያ እንዳለ ለጥርስ ሐኪሙ ይነገር። ድንገት ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካሳተ፣ ዓመት ቢያልፈውም በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እዚህ መጥታችሁ እንዳትጠይቁኝ።