«አርአያህ ማነው?» ሲሉህ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ደሴ ነኝ፤ በነርሲንግ ተመርቄያለሁ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ አርአያህ ማነው ሲሉኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አልኩ። አንዱ ጠያቂ ‹የሞተ ትተህ በሕይወት ያለ ሰው ጥራ› ብሎ ሳቀብኝ። ለሚቀጥለው ልቀይር?»

አብሽር ወንድሜ፣ አትቀይር። ለምርጫህ እንከን አይወጣለትም። ስሙን ጠርተህ ዝም ማለትህ ነው የጎዳህ።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ እዚሁ እኛው ወሎ ማለት ነው፣ ሐኪም ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንን ሕንድ ወሰዳቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሠሩ። ከአድዋ ድል በኋላ ግን አገሬ ብለው መጡ። ዘመዶቻቸው በገላቸው ጠባሳ ለዩዋቸው። አማርኛው ጠፍቶባቸው ስለነበር እንደ አዲስ ተማሩት። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የወገኑን ቋንቋ ከሀ ሁ ሲጀምር እስቲ አስበው! ጣልያን ሲወረን ለንደን የአገራችን መልእክተኛ ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸውን ፋሺስት ገደለባቸው።

«የቅኝ ገዢ ተቀጣሪ ነበሩ» የሚልህ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ይሄን ዓይነት ክርክር ለምደነዋል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገዋል፤ አድዋም ዘምተዋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ግን፣ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት ሚካኤል ራሳቸው ከእስልምና ወጥተው ተጠመቁ፤ ያኔ የመጣውን የግዳጅ ጥምቀት የማይረሳ ቤት ስማቸው ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል። ሁለቱም ወገን ልክ ነው። ስለዚህ የምታደንቀውን ሥራ ለይተህ ያዝ፤ ሰውየውን በጅምላ አትሸከም። በሕይወት ያለው ደግሞ ነገ ምን እንደሚሠራ በምን ታውቃለህ? የሐኪም ወርቅነህ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም ታውቋል።

በደብዳቤህ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር አለች። ባቲ ለልምምድ ሳለህ የመድኃኒት አወሳሰድ ቃላትን በኦሮምኛና በአፋርኛ በደብተር ጽፈህ ትይዝ ነበር፦ «ጠዋት»፣ «ከምግብ በኋላ»፣ «ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ»። ይቺን ምን አስደበቀህ? በሚቀጥለው «የጠፋባቸውን ቋንቋ ተምረው ወገናቸውን ያከሙትን ሐኪም አደንቃለሁ» በልና ቀጥታ ወደ ባቲ ግባ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብህም። ደብተሯ ካለችም ይዘሃት ሂድ።