ኢሜይሉ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ድረ ገጻችን ላይ ሰው በፌስቡክ፣ በጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ወይም በአፕል አካውንቱ እንዲገባ አድርገናል። ከሚገቡት አንዳንዶቹ ግን ኢሜይላቸው እኛ ጋ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ኮዳችን ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ በስልክ ቁጥር ብቻ የተመዘገበ ሰው የሚሰጣችሁ ኢሜይል የለውም፤ ያለውም ቢሆን ፈቃድ ሲጠየቅ ኢሜይሉን ለይቶ መከልከል ይችላል፣ መብቱ ነው። ጊትሀብ ላይ ኢሜይሉን የደበቀ ሰው ፕሮፋይሉ ያለ ኢሜይል ይመጣል፣ ስለዚህ የኢሜይል ፈቃዱን ለብቻው ጠይቃችሁ የኢሜይሎቹን ዝርዝር አምጡ። አፕል ደግሞ በእውነተኛው ኢሜይል ፋንታ መልእክቱን ወደ ሰውዬው የሚያስተላልፍ ተለዋጭ አድራሻ ሊሰጣችሁ ይችላል። የምትልኩበትን ዶሜይን (በኢሜይላችሁ ከ@ በኋላ ያለውን ስም) አፕል ዘንድ ካላስመዘገባችሁ ታዲያ መልእክታችሁ አይደርስም።

ዋናው ነገር ሰውን በኢሜይሉ አለመለየት ነው። ከእያንዳንዱ አካውንት ጋር የማይለወጥ መለያ ይመጣል፤ ዳታቤዛችሁ ውስጥ ቁልፉ እሱ ይሁን፣ ኢሜይሉ ባዶ ቢሆንም ችግር የለም። የግድ ካስፈለጋችሁ ሰውዬው ከገባ በኋላ ጠይቁትና ማረጋገጫ ሊንክ ላኩለት። ይቺን እባካችሁ አትዝለሏት! አንዱ የሌላ ሰው ኢሜይል ጽፎ ሲገባ፣ ሳታረጋግጡ ከነባሩ አካውንት ጋር ካገናኛችሁት፣ የሰው አካውንት አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።